በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 30 ቀን 2015 ምሽት በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ ኮሌክቲቭ በተባለ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ እሳት ተነሣ። በአደጋው ሳቢያ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በመጨረሻ 64 ደረሰ። ከእነዚህም መካከል የሚበዙት ሕይወታቸው ያለፈው በዚያች ሌሊት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናትና ሳምንታት በሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። ቆዳው የተቃጠለ ሰው ከባክቴሪያ የሚከልለው አጥር የፈረሰበት ሰው ነውና፣ በሆስፒታሎቹ ውስጥ የነበሩ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ብዙዎቹን ቁስለኞች አጠቋቸው። በቀጣዩ ዓመት፣ ማለትም በኤፕሪል 2016፣ ጋዜታ ስፖርቱሪሎር የተባለ፣ ስሙም እንደሚያመለክተው የስፖርት ዜና የሚያወጣ ጋዜጣ፣ አንድ ጉዳይ ይፋ አደረገ። ሄክሲ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ከ300 በላይ ለሚሆኑ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ሲያቀርባቸው የነበሩት የጸረ-ተሕዋስ ፈሳሾች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ፣ ጥንካሬያቸው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ፣ የአንዳንዶቹም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሜይ 2016 የጤና ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የኩባንያው ባለቤትም በዚያው ወር በመኪና አደጋ ሞቱ።

የታሪኩን የወንጀልና የፖለቲካ ክፍል ለዳኞችና ለጋዜጠኞች እንተወዋለን። በዚህ ጽሑፍ ልንዳስሰው የምንሞክረው ከዚያ ሥር ያሉትን ሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው፣ በአሥር እጥፍ የቀጠነ ፈሳሽ በአሥር እጥፍ ብቻ ነውን የሚደክመው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለእኛ አገር ይበልጥ የቀረበ ነው፦ አንድ አቅራቢ ምንም ሳይዋሽ፣ አንዲት ጠብታ ውኃም ሳይጨምር፣ በጀሪካኑ ላይ ከተጻፈው በግማሽ ያነሰ ፈሳሽ ለሆስፒታል ሊያስረክብ ይችላልን? መልሱ ይችላል የሚል ነው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት የሚያስፈልገው ሒሳብ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው ብዙም አይርቅም። የፊዚክስ መምህራን ስለ በረኪና መጻፋቸው የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ ጥቂት ታግሦ ቢከተለን ነገሩ የሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ወንድም ሆኖ ያገኘዋል።

ሁለቱ ፈተናዎች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንግሊዝ አገር ከድንጋይ ከሰል ታር የሚሠሩ የጸረ-ተሕዋስ ፈሳሾች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። እያንዳንዱ ነጋዴ የእኔ ይበልጣል ይላል፤ ገዢው ግን የሚመዝንበት ሚዛን አልነበረውም። እ.ኤ.አ በ1903 ሳሙኤል ሪዲል እና ኤይንስሊ ዎከር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ይህን ሚዛን አቀረቡ። ዘዴው የሚከተለው ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ የያዘ ፈሳሽ ይዘጋጃል፤ አንዱ ክፍል በታወቀው በፌኖል፣ ሌላው ክፍል በአዲሱ ምርት ይፈተናል። በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያውን ለመግደል ፌኖሉ በመቶ እጥፍ ውኃ፣ አዲሱ ምርት ግን በሺህ እጥፍ ውኃ ቀጥኖ ከበቃ፣ የአዲሱ ምርት ቁጥር 10 ነው ይባላል። ቁጥሩ ቀላል ነው፤ በቆርቆሮው ላይ ለመጻፍም፣ ለግዥ ለማወዳደርም ይመቻል። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ከቀላልነቱ ነው።

በለንደን የሊስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበሩት ሀሪየት ቺክ ወደ ተቋሙ በ1905 ሲገቡ፣ ሴት በመሆናቸው ብቻ ቅጥራቸውን የተቃወሙ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። እኚህ ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ ከተቋሙ ዳይሬክተር ከቻርልስ ማርቲን ጋር ሆነው አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ አነሡ። የሪዲልና የዎከር ፈተና የሚካሄደው በንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ፈሳሹን የሚያፈስሰው በንጹሕ ውኃ ላይ ነውን? አይደለም፤ የሚያፈስሰው በደም፣ በመግል፣ በዓይነ ምድር ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተመራማሪዎች ደርቆ የተፈጨ ዓይነ ምድር በፈተናው ውስጥ ጨመሩበት። በንጹሕ ውኃ ከፌኖል ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ የተባሉ ምርቶች ብልጫቸው በእጅጉ ቀነሰ። የፈሳሹ ጉልበት ባክቴሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በቆሻሻው ላይ ያልቃልና ነው።

ዛሬ በአውሮፓ ለሕክምና አገልግሎት የሚውሉ ምርቶች የሚፈተኑበት ኢኤን 13727 የተባለው ደረጃ የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በእሱ መሠረት ምርቱ በ«ንጹሕ ሁኔታ» ወይም በ«ቆሻሻ ሁኔታ» ይፈተናል። በንጹሕ ሁኔታ በአንድ ሊትር 0.3 ግራም የከብት አልቡሚን፣ ማለትም የደም ፕሮቲን፣ ይጨመርበታል፤ በቆሻሻ ሁኔታ ግን 3 ግራም አልቡሚን ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ይጨመርበታል። እንግዲህ አንድ አቅራቢ «ምርቴ ይህን ደረጃ አልፏል» ብሎ የምስክር ወረቀት ሲያቀርብ፣ በየትኛው ሁኔታ እንዳለፈ ያልጠየቀ ገዢ የ1903ን ስሕተት ደግሞ ገዝቷል ማለት ነው።

ባክቴሪያ እንዴት ይሞታል?

ሀሪየት ቺክ በዚያው በ1908 ሌላ ነገርም አሳይተዋል። ፌኖል ውስጥ የገቡ የአባ ሰንጋ ስፖሮችን በየጊዜው እየቆጠሩ ስንት እንደቀሩ ሲመዘግቡ፣ በእኩል ጊዜ ውስጥ የሚሞተው እኩል ቁጥር ሳይሆን እኩል ክፍልፋይ ሆኖ አገኙት። ይህ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚፈርሱበት ያው የኤክስፖኔንሻል ሕግ ነው። እያንዳንዱ አቶም መቼ እንደሚፈርስ አይታወቅም፤ የብዙዎቹ ግማሽ ዕድሜ ግን ይታወቃል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ እንበል፤ ፈሳሹም በየደቂቃው ከመቶ 90 ይገድላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ 1 ሚሊዮን፣ ከሁለት በኋላ 100 ሺህ፣ ከሦስት በኋላ 10 ሺህ ይቀራል። እዚህ ላይ ስናቆም «99.9 ከመቶ ይገድላል» የሚለው የታወቀ ማስታወቂያ እውነት ሆኗል። ይሁን እንጂ የቀሩት 10 ሺህ ናቸው። ምግብና እርጥበት ያገኙ ባክቴሪያዎች በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሥር ጊዜ እጥፍ መሆን ደግሞ በ1024 ማባዛት ነው። ስለሆነም በ200 ደቂቃ፣ ማለትም በሦስት ሰዓት ከሃያ ውስጥ፣ 10 ሺዎቹ ተመልሰው ከ10 ሚሊዮን ያልፋሉ። የጠዋቱ ተረኛ ያጸዳው ከምሳ በፊት እንደነበረ ሆነ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው የአውሮፓ ደረጃ 99.9 ሳይሆን 99.999 ከመቶ እንዲሞት የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ተጨማሪ ዘጠኞች ለዐይን ጥቂት ናቸው፤ ለበሽተኛው ግን የመቶ እጥፍ ልዩነት ናቸው።

ቅጥነት ምን ያህል ያደክማል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በዚያው ዓመት ዋትሰን የተባሉ ተመራማሪ የቺክን ውጤቶች መርምረው፣ የሚያስፈልገው ጊዜ ከፈሳሹ ጥንካሬ ጋር የሚገናኝበትን ቀመር አወጡ። በቃል ሲገለጽ፣ ጥንካሬው በአንድ ርቢ ወይም ፓወር ከፍ ተደርጎ በጊዜው ሲባዛ ውጤቱ አይለወጥም። ወሳኙ ነገር ይህ ርቢ ከምርት ወደ ምርት መለያየቱ ነው። ለክሎሪን 1 አካባቢ ነው፤ ለፌኖል ግን 6 ገደማ ይደርሳል።

የዚህን ትርጉም ቀስ ብለን እናጢነው። አንድ የክሎሪን ብጥብጥ በ5 ደቂቃ የሚሠራውን ሥራ፣ በግማሽ ቢቀጥን በ10 ደቂቃ ይሠራዋል፤ ጉዳቱ የሚታገሡት ነው። ፌኖል ግን በግማሽ ቢቀጥን የሚያስፈልገው ጊዜ በ2 ሳይሆን 2 ለስድስት ጊዜ ከራሱ ጋር ተባዝቶ በሚገኘው በ64 ይባዛል፤ 5 ደቂቃው 320 ደቂቃ ይሆናል። እንደ ቡካሬስቱ በአሥር እጥፍ ቢቀጥንስ? ለክሎሪን 50 ደቂቃ፤ ለፌኖል ግን 5 ደቂቃ ሲባዛ በአንድ ሚሊዮን፣ ይኸውም ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ቀመሩ እስከዚያ ድረስ ተዘርግቶ አይሠራም፤ ለማለት የፈለግነው እንዲህ ያለው ፈሳሽ ቀለምና ሽታ ያለው ውኃ መሆኑን ነው። ጠላ ውኃ ሲበዛበት ቅራሪ ይሆናል፤ ቅራሪም ቢሆን የሚጠጣው አያጣም። በአሥር እጥፍ የቀጠነ ፌኖል ግን ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው።

የክሎሪኑም 50 ደቂቃ ቢሆን በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። በአንድ ሊትር ፈሳሽ 20 ካሬ ሜትር ወለል ብንወለውል፣ የፈሳሹ ንጣፍ ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ማንም ተማሪ አካፍሎ ሊያገኘው ይችላል። በበጋ ወራት፣ በተከፈተ መስኮት ሥር፣ በደጋው ቀላልና ደረቅ አየር ውስጥ ይህን ያህል የቀጠነ ንጣፍ ከጥቂት ደቂቃዎች አልፎ አይቆይም። ደረቅ ወለል ላይ የሚሠራ ፈሳሽ ደግሞ የለም። በመሆኑም ምርቱ «የመቆያ ጊዜ 10 ደቂቃ» የሚል ከሆነ፣ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው የፈሳሹን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በወለሉ ላይ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየቱንም ጭምር ነው።

ማንም ሳይነካው የሚደክም ፈሳሽ

በአገራችን የጤና ተቋማት በብዛት የሚታወቀው በረኪና፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ርካሽ ነው፣ በብዙ ዓይነት ተሕዋስያን ላይ ይሠራል፣ ርቢውም እንዳየነው ለስሕተት ቸር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ባወጣው መመሪያ ለተጸዱ ገጾች 0.1 ከመቶ፣ ደም ለፈሰሰበት ቦታ 0.5 ከመቶ ጥንካሬ እንዲኖረው መክሯል። ባለ 5 ከመቶ በረኪና ለያዘ ሠራተኛ 0.5 ከመቶ ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የአንድ ለዘጠኝ ሕግ ይኸው ነው።

ሕጉ እውነት የሚሆነው ግን በጀሪካኑ ውስጥ በእርግጥ 5 ከመቶ ካለ ብቻ ነው። በረኪና ደግሞ በታሸገበት እቃ ውስጥ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። በዋነኛው መንገድ ወደ ተራ ጨውና ወደ ክሎሬት ይለወጣል፤ በሌላ፣ አነስ ባለ መንገድ ደግሞ ኦክስጅን ይለቃል። ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን በመጋዘን ውስጥ ሲነፋ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የመዳብና የኒኬል ብናኝ፣ የፀሐይ ብርሃንም፣ ይህን ያፋጥናሉ።

መፍረሱ እንደ ባክቴሪያው ወይም እንደ ራዲየም በእኩል ክፍልፋይ አይሄድም። የፍጥነቱ መጠን ከጥንካሬው ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል፤ ምክንያቱም ለመፍረስ ሁለት የሃይፖክሎራይት ቅንጣቶች መገናኘት አለባቸው። እንዲህ ያለው ሒደት አንድ አስገራሚ ባሕርይ አለው፤ ብርቱው ከደካማው ፈጥኖ ይሞታል። አንድ ባለ 12 ከመቶ ፈሳሽ ተበላሽቶ 6 ከመቶ በሚሆንበት ጊዜ ውስጥ፣ ከጎኑ የተቀመጠ ባለ 5 ከመቶ ፈሳሽ በዚሁ ሒሳብ ወደ 3.5 ከመቶ ብቻ ይወርዳል። እውነታው ለደካማው እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ነው፤ በብርቱው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የጨው ብዛት መፍረሱን ስለሚያባብሰው ነው።

ሙቀት በዚህ ላይ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል መፍረሱ በሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ሦስት ተኩል፣ ማለትም 12 እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር በጅቡቲ ወደብ የበጋ ፀሐይ ሥር በኮንቴይነር ውስጥ አንድ ሳምንት የቆየ በረኪና፣ በአዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ሦስት ወር ገደማ እንደቆየ ያህል አርጅቷል። የገቢ ዕቃችን አብዛኛው ክፍል በዚያ ወደብ ማለፉን ለሚያውቅ፣ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው «የተመረተበት ቀን» የፈሳሹን ትክክለኛ ዕድሜ አይነግረውም። ለዚህም ነው ከመግቢያችን ላይ፣ ማንም ሳይዋሽ ደካማ ፈሳሽ ሊቀርብ ይችላል ያልነው። የሩማንያው ነጋዴ በውኃ የሠራውን፣ ሙቀትና ጊዜ ያለ ነጋዴ ይሠሩታል።

በጨረታው ሰንጠረዥ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሆስፒታል የጨረታ ሰነድ ላይ «ፈሳሽ በረኪና፣ ባለ 5 ሊትር» የሚል መስመር ተመልክተን ነበር፤ ከአጠገቡ የብዛትና የዋጋ አምድ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። የስንት ከመቶ በረኪና? መቼ የተመረተ? በማን የተፈተሸ? የሚል የለም። ከዚህ መስመር ፊት ለፊት የቆመ ሐቀኛ አቅራቢ ምን ያድርግ? ባለ 5 ከመቶ ቢያቀርብ፣ ባለ 3 ከመቶ ያቀረበ ተጫራች በሊትር ዋጋ ይረታዋል፤ የረታውም ተጫራች ሕግ አልጣሰም። በእኛ አስተያየት የእንዲህ ዓይነት ሰነድ ጥፋቱ ማጭበርበርን አለመከልከሉ ብቻ አይደለም፤ ሐቀኝነትን ማስቀጣቱ ጭምር ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ዋጋዎችን እናስብ። ተጫራች «ሀ» ባለ 5 ከመቶ በረኪና በሊትር 40 ብር ያቀርባል፤ ተጫራች «ለ» ባለ 12 ከመቶ በሊትር 72 ብር። በሊትር ዋጋ ብቻ ከታየ «ሀ» አሸናፊ ነው። ነገር ግን ሆስፒታሉ የሚጠቀመው 0.5 ከመቶውን ነው። የ«ሀ» አንድ ሊትር 10 ሊትር ብጥብጥ ይወጣዋል፣ በሊትር 4 ብር። የ«ለ» አንድ ሊትር ደግሞ 24 ሊትር ይወጣዋል፣ በሊትር 3 ብር። ስለዚህ እውነተኛው ርካሽ «ለ» ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ለ»ን ለመሸለም ቢቸኩል አንፈርድበትም፤ ዳሩ ግን ፈሳሹ ገና መጋዘን አልገባም። ከላይ ባሰላነው ጊዜ ውስጥ «ለ» 6 ከመቶ፣ «ሀ» 3.5 ከመቶ ይሆናሉ። አሁን የ«ለ» አንድ ሊትር 12 ሊትር ብቻ ይወጣዋል፣ በሊትር 6 ብር፤ የ«ሀ» ደግሞ 7 ሊትር፣ በሊትር 5 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ። ደረጃው ተገለበጠ። ከዋጋው የሚብሰው ደግሞ ሠራተኛዋ ይህን አለማወቋ ነው። በመለያው ላይ እንደተጻፈው ለ«ለ» 23 እጅ ውኃ ትጨምራለች፤ 0.5 ከመቶ ነው ብላ ደም የፈሰሰበት ወለል ላይ የምታፈስሰው ግን 0.25 ከመቶ ነው። ሥራዋን አላጎደለችም፤ የጎደለው ቁጥሩ ነው።

ነገሩን የሚያውቁ አቅራቢዎች ታዲያ ሁለት መንገድ አላቸው። ብርቱውን ፈሳሽ ያመጡ እንደሆነ፣ እንደደረሰ ወዲያው በንጹሕ ውኃ ወደ 5 ከመቶ ያቀጥኑታል፤ ከላይ ባየነው የስኩዌር ሕግ ምክንያት በዚህ ብቻ ዕድሜው ይረዝማል። ለቆላ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ ለሰመራ ወይም ለጋምቤላ፣ ደግሞ ፈሳሹን ትተው ደረቁን ያቀርባሉ። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የተባለውና በውኃ ማከሚያነት የምናውቀው ዱቄት ከ65 እስከ 70 ከመቶ ክሎሪን ይይዛል። ከእሱም ከ7 እስከ 8 ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ 0.5 ከመቶ ይገኛል። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ከፈሳሹ ይልቅ ብዙ ይቆያል፤ ውኃን ለማጓጓዝም ኪራይ አይከፈልም። ጉድለቱ ከዘይትና ከመሳሰሉት ነገሮች ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሣ መቻሉ ስለሆነ መጋዘኑ ጥንቃቄ ይሻል።

ጥጥ፣ ሳሙናና ኤሌክትሪክ

ከክሎሪን ሌላ በሰፊው የሚሸጠው ወገን ኳተርናሪ አሞንየም ይባላል። ሽታው ለስላሳ ነው፣ ብረት አያዝግም፣ ጨርቅ አያነጣም፤ ለሻጭ የሚመች ዕቃ ነው። የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ሙል ነው። ሞለኪሉ ፖዘቲቭ ሙል ስላለው ኔጌቲቭ ሙል ያለውን የባክቴሪያ ሽፋን ይስበዋል፤ ሽፋኑንም ይበጥሰዋል። ችግሩ ግን የጥጥ ጨርቅም በውኃ ውስጥ ኔጌቲቭ መሆኑ ነው። የጥጥ መወልወያ በባልዲው ውስጥ ሲነከር ከሞለኪሎቹ ጉልህ ድርሻ ያለውን ራሱ ይዞ ያስቀራል፤ ወለሉ ላይ የሚደርሰው የተራቆተ ፈሳሽ ነው። ተራ ሳሙናም ኔጌቲቭ ነውና፣ «ይበልጥ እንዲያጸዳ» ተብሎ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በዚህ ላይ በባልዲው ግርጌ የተረፈውን ሳይደፉ በላዩ አዲስ መጨመር ከተለመደ፣ በደከመው ፈሳሽ ውስጥ ሱዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በሕይወት ቆይተው እንደሚራቡ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለው ባልዲ ወለሉ እየተወለወለ ሳይሆን እየተዘራበት ነው።

ስለዚህ ይህን ምርት የሚሸጥ ሰው ስለ ጨርቁ ሳይናገር ቢሄድ የሸጠው ግማሹን ነው። በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መወልወያ አብሮ ማቅረብ፣ ወይም ቢያንስ በጽዳት ሠራተኞቹ ፊት አንድ ጊዜ አሳይቶ ማስረዳት፣ የዕቃው አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባዋል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ እንደሚያወጣም በዚያው አጋጣሚ ቢነገር መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን ወለሉ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ መለቅለቅ አለበት። ቺክና ማርቲን በ1908 እንዳሳዩት ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ጸረ-ተሕዋስ በቆሻሻው ላይ ያልቃልና፣ በዚህ ሥራ እጅግ ርካሹ ዕቃ አሁንም ሳሙና ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንፈትሽ?

የበረኪናን ጥንካሬ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ይቻላል። ጓንትና የዐይን መከላከያ አድርገን፣ መስኮት ከፍተን፣ መምህሩ ባሉበት እንሥራው። አንድ ሚሊሊትር በረኪና በፒፔት ይወሰዳል፤ በውኃ ይቀጥናል፤ ብዙ ፖታስየም አዮዳይድ ከዚያም አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። ክሎሪኑ አዮዲኑን ነጻ ስለሚያወጣው ፈሳሹ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ 0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ከቢዩሬት ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ቀለሙ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲደርስ ጥቂት የስታርች ብጥብጥ ይጨመራል፤ የሚታየው ሰማያዊ ቀለም ድንገት በሚጠፋበት ጠብታ ላይ ቢዩሬቱ ይነበባል።

እያንዳንዱ ሚሊሊትር ታዮሰልፌት 3.72 ሚሊግራም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይወክላል። ስለሆነም ቢዩሬቱ 13.4 ሚሊሊትር ካሳየ በረኪናው 5 ከመቶ ነው፤ 6.7 ካሳየ ደግሞ ሁለት ተኩል ከመቶ። ከተማሪዎቻችን አንዱ «ታዲያ ይህ ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ከሆነ ሆስፒታሎች ለምን አያደርጉትም?» ብሎ ጠይቆን ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ቶን ፈሳሽ ተረክቦ ሞዴል 19 ከመቁረጥ በፊት ከየዙሩ የተወሰኑ ጀሪካኖችን መርጦ ናሙና መፈተሽ፣ ውጤቱንም ከደረሰኙ ጋር ማያያዝ፣ ከንብረት ክፍሉ የሚጠይቀው የአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ግማሽ ቀን ነው። ሁለተኛው ናሙና ከሦስት ወር በኋላ ከመጋዘኑ መወሰድ ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው አቅራቢውን ሲፈትሽ ሁለተኛው መጋዘኑን ይፈትሻልና።

የጨረታውም መስመር በዚህ መሠረት ሊጻፍ ይችላል፦ «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ በርክክብ ዕለት በታዮሰልፌት ተፈትሾ ከ5 ከመቶ ያላነሰ፣ ከተመረተ ከ30 ቀን ያልበለጠ፣ ብርሃን በማያሳልፍ እቃ የታሸገ፣ በየሁለት ወሩ ተከፋፍሎ የሚቀርብ፤ ዋጋውም በ0.5 ከመቶ ብጥብጥ ሊትር ተሰልቶ የሚወዳደር»። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሐረጎች ከሌሎቹ ይልቅ ይበልጥ ይሠራሉ ብለን እንገምታለን። በየሁለት ወሩ መቅረቡ በመጋዘን ውስጥ የሚያረጀውን ይቀንሳል፤ የዋጋው አሰላል ደግሞ ውኃ የሚሸጥ ተጫራች የሚያተርፍበትን በር ይዘጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የወረቀት መጠን ሁለት መስመር ሲሆን፣ በመጋዘኑ ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ የተፈተሸበት ቀንና የተገኘው ቁጥር በማርከር ይጻፍበታል።